ማን ነገረህ? «ኦሮማይ»፣ አሥመራ እና የታሪክ ጸሐፊው ማስረጃ

ይህ ጽሑፍ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተወሰደ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።



ገለጻዬን ሽፋን በሌለው መጽሐፍ እጀምራለሁ። በ1979 ዓ.ም. ክረምት፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ከአጠና ተራ ጥቂት ወረድ ብሎ ይኖር የነበረ አንድ ጎረቤታችን በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ ለሁለት ሌሊት አዋሰኝ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሉም፤ ከመጨረሻውም ብዙ ገጽ ጎድሏል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስመልስለት «ጋሼ፣ መጨረሻውስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «መጨረሻውን እኔም አላነበብሁትም። ይልቅ አንተ መጽሐፉን አየሁ ብለህ እንዳታወራ» አለኝ።

መጽሐፉ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነበር። የስለላ መረብ የሚታደንበት፣ ማን ከማን ጋር እንደቆመ የማይለይበት ታሪክ ነውና መጨረሻውን ሳያውቁ መቅረት እንቅልፍ ይነሣል። እኔም የወጣት ነገር ሆኖ፣ ለታሪኩ የራሴን መጨረሻ ፈጠርሁለት። መፍጠር ብቻም አይደለም፤ ያነበብሁት አስመስዬ ለሁለት ጓደኞቼ ተረክሁላቸው። ይህን ጥፋቴን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የዛሬው ጥያቄዬ በሁለት በኩል የሚታይ ነው። «ኦሮማይ»ን ብዙዎቻችን የምናውቀው እንደ ፖለቲካ መጽሐፍ ነው። እኔ ግን በአንዲት ጣሊያን በገነባት ከተማ ውስጥ እንደተቀመጠ የወንጀልና የስለላ ምርመራ ልብ ወለድ ላነብበው እፈልጋለሁ። እንዲህ ሲነበብ አንድ የታሪክ ተማሪ ከመጽሐፉ ምን ሊወስድ እንደሚችል፣ ምንስ ሊወስድ እንደማይገባው ይበልጥ ይገለጣል ብዬ አምናለሁ።

የምርመራ ልብ ወለድ ከተማ ይፈልጋል። በመንደር ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ በከተማ ግን ጎረቤት ለጎረቤት እንግዳ ነው፤ ምስጢርም መሸሸጊያ አያጣም። ጣሊያኖች ይህን ዓይነት መጽሐፍ «ጃሎ» ይሉታል፤ «ቢጫ» ማለት ነው። ስሙ የመጣው የሞንዳዶሪ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ በቢጫ ሽፋን ካወጣቸው ተከታታይ መጻሕፍት ነው። የፋሺስት መንግሥት እነዚህን መጻሕፍት በበጎ ዓይን አላያቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ1941ም ተከታታዩ እንዲቋረጥ ተደረገ። ሥርዓት ነግሦባታል በተባለች አገር ነፍሰ ገዳይ አለ ብሎ መጻፍ፣ በልብ ወለድም ቢሆን፣ መንግሥትን መጠየቅ ይሆናል። ይህን ነጥብ ወደ በዓሉ ስንመጣ እንፈልገዋለን።

ከጦርነቱ በኋላ የጣሊያን ከተሞች የዚህ ድርሰት መናኸሪያ ሆኑ። ሊዮናርዶ ሻሻ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው የሲሲሊ ልብ ወለድ አንድ ሰው አውቶቡስ ሊሳፈር ሲል በአደባባይ በጥይት ይወድቃል። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ሹልክ ብለው ይበተናሉ። በሥፍራው የነበረው ሻጭ ሲጠየቅ ተኩስ መኖሩን የሰማ አይመስልም። ከሰሜን የመጣው መርማሪ ካፒቴን ቤሎዲ እውነቱን ይደርስበታል፤ ነገር ግን እውነቱ ሮም ላይ ባሉ ባለሥልጣናት እጅ ይፈርሳል። አሜሪካዊቷ ዶና ሊዮን ደግሞ ለብዙ ዓመታት ኖራባት ስለ ነበረችው ስለ ቬኒስ ጻፈች። እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረችው የኮሚሳሪዮ ጉዊዶ ብሩኔቲ ታሪክ ዛሬ ከሠላሳ መጻሕፍት በላይ ሆኗል። ብሩኔቲ ሚስቱንና ልጆቹን የሚወድ፣ ምሳውን ቤቱ የሚበላ ጨዋ ፖሊስ ነው። ጥፋተኛውን አብዛኛውን ጊዜ ያገኘዋል፤ ፍትሕን ግን ሁልጊዜ አያገኝም።

ስለ ዶና ሊዮን አንድ የማይዘነጋ ነገር አለ። መጻሕፍቷ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ሲተረጎሙ ወደ ጣሊያንኛ እንዲተረጎሙ ግን ራሷ አልፈቀደችም። በምትኖርበት ከተማ ሳትታወቅ መራመድ ፈለገች። የጎረቤቶቿን ከተማ ጎረቤቶቿ በማያነብቡት ቋንቋ ጻፈችው ማለት ነው። አልነቅፋትም፤ ለሰላም የተከፈለ ዋጋ ነው። በዓሉ ግርማ ግን ስለ አለቆቹ የጻፈው አለቆቹ በሚያነብቡት ቋንቋ፣ ያውም በመንግሥት አሳታሚ ድርጅት በኩል ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የእኛ ሰው መርማሪን ከእንግሊዝ ልብ ወለድ ነው የተዋወቀው የሚል አነጋገር አልፎ አልፎ እሰማለሁ። ይህ ትክክል አይመስለኝም። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለውን እናውቃለን። ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ ጥፋተኛው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ስም እስኪወጣ ድረስም ወደ ሥራው አይመለስም። ምስጢሩን በስውር የሚያቀብሉት ሰዎች «ወፍ» ይባሉ ነበር። ሌባ ሻይ ደግሞ አለ፦ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሁለቱም ምርመራዎች ናቸው፤ ነገር ግን ብልሁ መርማሪ የለባቸውም። በአውጫጭኝ ተጠርጣሪው ሕዝቡ በሙሉ ነው፤ መርማሪውም ያው ሕዝቡ ነው። ሼርሎክ ሆልምስ ብቻውን አስቦ የሚደርስበትን እኛ በሜዳ ተቀምጠን፣ እርስ በርስ እየተያየን፣ በፍርሃትና በሹክሹክታ እንደርስበታለን። ይህን ሥዕል በአእምሯችሁ አቆዩልኝ፤ የ1974ቷ አሥመራ ከዚህ ሜዳ ብዙም አትርቅም።

በከተማ ዘመናዊ ፖሊስ ሲመጣ የወንጀል ታሪክም በጽሑፍ መጣ። «ፖሊስና እርምጃው» የተሰኘው ጋዜጣ ለብዙ አንባቢ የመጀመሪያው የወንጀል ታሪክ መማሪያ ነበር። ማሞ ውድነህ የስለላና የጦርነት መጻሕፍትን በመተርጎምና በመጻፍ አንድ ትውልድ አስለመዱ፤ ይልማ ሀብተየስም በወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ስማቸው ይጠራል። ፖሊስን ካነሣን ዘንድ ይህ የእኛ ኮልፌ በታሪክ የሚታወቀው በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈሩ መሆኑን የማታውቁ ወጣቶች ትኖሩ ይሆናል። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ነበር። ሥልጠናው ይሰጥ የነበረው በዚያ ጊዜ ኮሎኔል በነበሩት በታደሰ ብሩ ኃላፊነት ሥር ሲሆን፣ እኒህ የፖሊስ አዛዥ ኋላ ራሳቸው በሤራ ተከስሰው ታሰሩ፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በደርግ ተገደሉ። በአገራችን የመርማሪና የተመርማሪ ወንበር እንዲህ ይለዋወጣል።

ከጣሊያን ጋርም ያለን የጽሑፍ ዝምድና የቆየ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነው። የዚህ ሠፈር አቀማመጥ ራሱ ከጣሊያን ዘመን ፕላን ጋር ይያያዛል። ወራሪው ኃይል የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር አዲስ ከተማና መርካቶ ተወለዱ፤ «መርካቶ» የሚለው ቃልም የእነርሱ ነው። ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል የታሰበው ያ ዕቅድ እዚህ አዲስ አበባ ላይ በአምስት ዓመት ተጨናገፈ። አሥመራ ላይ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ጊዜ አገኘ።

አሥመራ የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ የሆነችው ከምጽዋ ተረክባ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። የምጽዋው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1911 ደረሳት። ዋናው ለውጥ የመጣው ግን ሙሶሊኒ ለኢትዮጵያ ወረራ ሲዘጋጅና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። ሲኒማ ኢምፔሮ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ክንፉን እንደዘረጋ አውሮፕላን የሆነው የፊያት ታሊዬሮ ነዳጅ ማደያ በ1938 ቆሙ። አርክቴክቱ ጁዜፔ ፔታዚ ሽጉጥ መዝዞ ግንበኛውን ድጋፉን እንዲያነሣ አስገደደው የሚባለውን ታሪክ አሥመራን የጎበኘ ሁሉ ይሰማዋል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ማን ነገረህ ሲባል ግን ሌላ ሰው ነገረኝ ከማለት አያልፍም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

ውበቷ ግን ለሁሉም አልተሠራም ነበር። የዘር ሕጎቹ አውሮፓዊውና የአገሩ ተወላጅ ተለያይተው እንዲኖሩ አዘዙ፤ ተወላጁ በሰሜን በኩል በአባ ሻውልና በመሰል ሠፈሮች ተፋፈገ። ዋናው ጎዳና የሙሶሊኒን ስም፣ ኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ስም ተሸከመ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ነፃነት ማለት የሆነውን «ሓርነት» ተባለ። ስሙ ሲለዋወጥ ዘንባባዎቹና ቡና ቤቶቹ ባሉበት ቆዩ። አመሻሽ ላይ በዚያ ጎዳና ወዲያና ወዲህ መመላለስ፣ ማየትና መታየት፣ የከተማዋ ልማድ ነው። ለስለላ ታሪክ ከዚህ የተሻለ መድረክ ሊገኝ አይችልም። ሁሉም በአንድ መንገድ ያልፋል፤ ሁሉም ሁሉን ያያል፤ ማን ማንን ሊያይ እንደመጣ ግን አይታወቅም።

«ኦሮማይ» የሚቀመጠው በዚህች ከተማ፣ በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ጊዜ ነው። ዘመቻው ናቅፋን ይዞ የኤርትራን ጦርነት ለመፈጸም የታቀደ ነበር። ደርግ ባለሥልጣናቱን፣ ጋዜጠኞቹንና ካድሬዎቹን ይዞ አሥመራ ሰፈረ። በዓሉም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ እንደመሆኑ ከዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሰዎች አንዱ ነበር። የልብ ወለዱ ተራኪ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ይሄዳል፤ አሥመራ ላይ ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል። በከተማዋ ውስጥ የተሸሸገ የጠላት የስለላ መረብ አለ፤ ዘመቻውን ለማክሸፍ የሚዶለት ዕቅድ አለ፤ የሚያሳድዱትም አሉ። የርዕሱ ቃል ከጣሊያንኛው «ኦርማይ» ወደ ትግርኛ የገባ ነው። አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም እንደማለት ነው። የጀግናይቱ ስም ጣሊያንኛ፣ የመጽሐፉ ስም የጣሊያንኛ ልጅ፣ የከተማዋም ድንጋይ እንዲሁ።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ላስገባ። መጽሐፉ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል በ1975 ዓ.ም. እንዴት ሊወጣ ቻለ የሚለው ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። እኔ ከመልሱ አንዱ የድርሰቱ ዓይነት ነው እላለሁ። የስለላ ታሪክ በዚያ ዘመን የተፈቀደ ነገር ነበር፤ ጠላት ሰላይ ነው፣ የእኛ ሰዎች ያድኑታል፣ ነገሩ ያልቃል። «ኦሮማይ» ላይ ላዩን ሲያዩት ይህንኑ ልብስ ለብሷል። ነገር ግን በዓሉ አንባቢውን በመርማሪ ዓይን ካስታጠቀው በኋላ ዓይኑን ወደ አዳኞቹም ይመልስበታል። አንባቢው ሰላዩን ሲፈልግ የባለሥልጣናቱን ውስኪና ድግስ፣ የእርስ በርስ ሽኩቻ፣ በሪፖርትና በመሬት ላይ ባለው መካከል ያለውን ልዩነት ያያል። ዘመቻው የከሸፈው በሰላዮች ብቻ ነውን? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ በግልጽ አይጠይቅም፤ አንባቢው ግን ሳይጠይቅ መጽሐፉን አይዘጋውም። በዚህ ረገድ በዓሉ ከብሩኔቲ ይልቅ ለቤሎዲ የቀረበ ነው። በታሪክም ናቅፋ አልተያዘችም።

የ1975ቱ አንባቢ ደግሞ ከዚህ የባሰውን አደረገ፤ መጽሐፉን ወደ አውጫጭኝ ሜዳ ቀየረው። ይህ ገጸ ባሕርይ እገሌ ነው፣ ያኛው እገሌ ነው እየተባለ ስም ይወጣ ጀመር። ለዚህ በዓሉ ራሱ መንገዱን ጠርጎ ነበር፤ «ደራሲው» በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ላይ ተመሥርቶ መጻፉ በሰፊው ይነገራል፤ አንባቢውም በበዓሉ ገጾች ውስጥ ሕያዋን ሰዎችን መፈለግ ለምዷል። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተሰናበተ። መጽሐፉ ግን በድብቅ ተሸጠ፣ ተቀዳ፣ ተከራየ፤ በመጨረሻም ከሽፋኑ ተለይቶ እኔ ጋ ደረሰ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የዶክትሬት ጥናቴን ስከላከል፣ በዘመቻው ጊዜ አሥመራ ስለነበሩ ባለሥልጣናት ስሜትና አኗኗር በጻፍሁት ምዕራፍ ውስጥ «ኦሮማይ»ን በማስረጃነት ጠቅሼ ነበር። ያውም በኩራት። ከፈታኞቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ፕሮፌሰር፣ ገጹን ገልጠው ያዙና «ይህን ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«በዓሉ ግርማ ነዋ ፕሮፌሰር፤ በቦታው ነበር» አልሁ።

«በቦታው የነበረው በዓሉ ነው። ይህን የሚለው ግን ፀጋዬ ነው። ፀጋዬን የት አግኝተህ ጠየቅኸው?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ምዕራፉን እንደገና ለመጻፍ ስድስት ወር ፈጀብኝ። ይህን የማወራችሁ ዛሬም በየዓመቱ ከማርማቸው የመመረቂያ ጽሑፎች መካከል ቢያንስ በአንዱ «ኦሮማይ» የጦር ሜዳ ሪፖርት ሆኖ ስለሚቀርብልኝ ነው። ተማሪዎቼን አልወቅስም። የዘመቻው መዛግብት በቀላሉ እጅ አይገቡም፤ የሟች ቤተሰብ ለአርባ ዓመት መልስ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ልብ ወለዱ ደግሞ በእጃችን አለ፣ ይናገራልም። ማስረጃ የተነፈገ ሰው የሚናገር ነገር ሲያገኝ ቢይዘው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የወደቁት ሰዎች የእውነት ሰዎች ናቸውና ቁጥራቸውንና አሟሟታቸውን ከደራሲ ምናብ ልንቀዳላቸው አይገባም።

ታዲያ መጽሐፉ ለታሪክ ተማሪ ዝም ይላል? አይልም። የዘመቻውን ቋንቋ ይነግረናል፤ በ1974 ዓ.ም. ወንበዴ፣ ገንጣይ፣ ሁለገብ የመሳሰሉ ቃላት በምን ዓይነት አፍ እንዴት ይነገሩ እንደነበር፣ የትኛው ቃል በስብሰባ፣ የትኛው በመጠጥ ቤት እንደሚመች። የቃለ ጉባኤ መዝገብ ይህን አይይዝም። ጥርጣሬ በከተማ ውስጥ የሚጓዝበትን መንገድም ያሳየናል፦ ሰው ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን ማንን እንዳስተዋወቀ፣ ፍቅር እንኳ ከምርመራ ፋይል ማምለጥ እንደማይችል። ሰነድ የሚሆነው ፀጋዬ የሚነግረን አይደለም፤ በዓሉ በ1975 ዓ.ም. ምን ሊታሰብና ሊጻፍ ይችላል ብሎ እንደገመተ፣ ግምቱም የት ላይ እንደተሳሳተ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መጽሐፉ ራሱ እንደ ዕቃ ማስረጃ ነው። ያ የጎረቤቴ ቅጂ ዛሬ በእጄ ቢሆን ኖሮ ከጽሑፉ ይልቅ ሽፋኑ የተገነጠለበትን ጠርዝ፣ የጣት አሻራ ያወየበውን ኅዳግ፣ የተጠቀለለበትን የመንግሥት ጋዜጣ ቀን አጠናው ነበር።

መጽሐፉን የምወድደውን ያህል የምነቅፍበትም አለ። አሥመራን የሚያይበት ዓይን ከአዲስ አበባ የመጣ ዓይን ነው። ከተማዋ በፊያሜታ ተመስላ ውብ፣ ሳቢና የማትታመን ሆና ትቀርባለች። ይህ ምስል ከጣሊያን ዘመን ፖስት ካርዶች ብዙ አይርቅም። ከዋናው ጎዳና በስተጀርባ፣ በአባ ሻውል፣ ልጇን ለአንዱ ወገን ሁለተኛ ልጇን ለሌላው ወገን ያጣች እናት ይህን ከተማ እንዴት ታየው ነበር? እርሷ በመጽሐፉ ውስጥ ተራኪ አይደለችም። አሥመራ ተወልደው ያደጉ አንባቢዎች ይህን ደጋግመው ነግረውኛል፤ እውነታቸውን ነው። የምርመራ ልብ ወለድ ከተማዋን በመርማሪው እግር ልክ ብቻ ያሳያል። ብሩኔቲ ጀልባ ወደማይገባበት ቦይ አይሄድም፤ ፀጋዬም የባለሥልጣን መኪና ወደማይቆምበት ሠፈር እምብዛም አይደርስም።

የቀረኝ የደራሲው ጉዳይ ነው። በዓሉ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተማረ፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባና በአሜሪካ ጋዜጠኝነትን ያጠና፣ «መነን»ንና «አዲስ ዘመን»ን ጨምሮ የበርካታ መጽሔቶችና ጋዜጦች አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። ሙያው ማን፣ መቼ፣ የት ብሎ መጠየቅ ነበር። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፤ አልተመለሰም። መኪናው ኋላ ከከተማው ዳር ተጥላ ተገኘች። የደርግ የደኅንነት ሰዎች ወስደው እንደገደሉት በሰፊው ይታመናል። መቃብሩ አይታወቅም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ «ኦሮማይ» በድጋሚ ታተመ። ሙሉውን ቅጂ ገዝቼ በጉጉት ወደ መጨረሻው ሄድሁ። እኔ በወጣትነቴ ከፈጠርሁት ጋር አንድም ነገር አይገናኝም። ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው ከዚያ ከዓመታት በኋላ የሆነው ነው። በአንድ ሠርግ ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ መጽሐፉ ስንጫወት ሰውዬው ያንን የእኔን መጨረሻ ተረከልኝ፤ እኔ ካወራሁት የበለጠ ዝርዝር ጨምሮበት። «በመጀመሪያው እትም ላይ ያለው ይህ ነው፤ በኋላ ነው የቀየሩት» ብሎም አረጋገጠልኝ። ከየት እንደሰማው ስጠይቀው «እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ» አለ። ይዋሽ ነበር ብዬ አላምንም። ያነበበው ይመስለዋል።

ስለ በዓሉ አሟሟትም ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰምቻለሁ። እገሌ አየው፣ በእገሌ ግቢ ነበር፣ በዚህ መኪና ተወሰደ፣ ይህን ተናገረ እየተባለ ሰዓቱና የለበሰው ልብስ ሳይቀር ይነገራል። በሚነገርበት ጊዜ ሁሉ ያ የሠርግ ሰው ትዝ ይለኛል። ከሚነገረው ውስጥ እውነት የሆነው ይኖራል። እኔ ግን ለተማሪዎቼ በማዘጋጀው ማስታወሻ ላይ እስከ ዛሬ ያሰፈርሁት አራት መስመር ብቻ ነው፦ መጽሐፉ የወጣበትን ዓመት፣ ከሥራው መሰናበቱን፣ ከቤቱ የወጣበትን ቀን፣ መኪናዋ ከከተማው ዳር መገኘቷን። ከሥራቸው ያለው ገጽ ባዶ ነው። በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ገጹ ለምን ባዶ እንደቀረ ይጠይቀኛል፤ እኔም የአያቱን ወይም የአጎቱን ትዝታ ጽፎ፣ ማን እንደነገረውም ጨምሮ እንዲያመጣልኝ እጠይቀዋለሁ። ዘንድሮ ሦስት አምጥተውልኛል። ሁለቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሦስተኛውን ገና እያጣራሁ ነው።